መቶ በመቶ ሥራ ላይ የዋለው ቤት

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። አባቴ ዲላ ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው፤ «ስኳር ገብቷል»፣ «ዛሬ ለለቅሶ ዘግተናል» የሚሉትን ማስታወቂያዎች ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ሰው ቆሞ ሲያነበው ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ አድጌ በአንድ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስቀጠር ሌላው ሁሉ የሚሸሸውን ሥራ እኔ ደስ ብሎኝ የወሰድኩት። ሥራው የወረዳውን በጀት ለሕዝብ መለጠፍ ነው።

የወረዳውን ስም አልጠራም። ከዲላ በሚኒባስ ተሳፍሬ ዋናው መንገድ ላይ እወርድና ከዚያ በባጃጅ እሄዳለሁ፤ ዝናብ የጣለ ቀን ባጃጁ ዳገቱ ሥር ይተወኝና የቀረውን በቦቲ ጫማ እወጣዋለሁ። ጌዴኦ ውስጥ ዳገት የሌለው ወረዳ ስለሌለ በዚህ ማንም አይለየውም። ከግቢው በር አጠገብ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ትልቅ የብረት ሰሌዳ ቆሟል። በየዓመቱ የታተመ ቅጽ ይለጠፍበታል፣ እኔ ቁጥሩን በወፍራም ማርከር እሞላዋለሁ። ዓምዶቹ አራት ናቸው፤ የተመደበ፣ የተለቀቀ፣ ሥራ ላይ የዋለ፣ በመቶኛ። ሰው መንግሥት በብሩ ምን እንደሠራበት ማንንም ሳያስፈቅድ በር ላይ ቆሞ ያንብብ ነው ሐሳቡ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ያኔም አምንበት ነበር፣ ዛሬም አምንበታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ከሚያነበው የሚጠለልበት ይበዛ ነበር። አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናብ የያዘው ሰውዬ ጀርባውን ተደግፎበት የግብርናን ረድፍ በሙሉ በካፖርቱ ጠርጎልኝ ሄዷል። ተናድጄ እንደገና ጻፍኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ግብርና በጀት እንዳልነበረው ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም።

ስለ ሰኔ ካልነገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። የመንግሥት ዓመት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። እስከዚያ ቀን ያልተነካ ብር ወደ ላይ ይመለሳል፤ ብር ያስመለሰ ወረዳ ሰነፍ ይባላል፣ ለሚመጣው ዓመትም ይቀነስብኛል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ሰኔ ሲመጣ ቢሮው ሁሉ ሩጫ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ረድፍ ብቻ አልሞላ ብሎን ቀረ፤ የእናቶች ማቆያ ቤት። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ጤና ጣቢያው አጠገብ የሚሰነብቱበት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሥራውን የሚይዝ ግንበኛ በጊዜው አልተገኘም። በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ፣ «ብሩ ከሚመለስ ለምን ዕቃውን አንገዛም? ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ እንጨቱ ተገዝቶ ይቀመጥ። የግንበኛው ነገር በሚመጣው ዓመት ይታያል» ያልኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ፊቱ በራ። ዕቃው ተገዛ። ነሐሴ ላይ ሰሌዳውን ስሞላ በማቆያ ቤቱ ረድፍ ጫፍ ላይ 100% ብዬ ጻፍኩ፤ ዜሮዎቹን አሳምሬ ነው ያከበብኳቸው። በዞኑ ስብሰባ ላይም ለወረዳችን ተጨበጨበለት።

ሽማግሌው የመጡት በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ጉልበታቸው ድረስ ቀይ ጭቃ ነክቷቸዋል፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዘዋል። ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ከላይ ከደጋው ቀበሌ ሦስት ሰዓት በእግራቸው ወርደው ነው የመጡት።

«ሰሌዳ የሚጽፍ ማነው?» አሉ፤ ከበሩ አላለፉም።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ይግቡ፣ ምን ልርዳዎት?»

«አንተ ነህ?»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ አንተና አንቺን አይለዩም። ከኋላዬ የሥራ ባልደረቦቼ ፈገግ ሲሉ ተሰማኝ። እኔም ትንሽ ከነከነኝ፣ ያን ቀን ደግሞ ቀሚስ ነበር የለበስኩት።

«ጽሕፈትህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አንብቤ ነው የመጣሁት። ቤቱ የት አለች?»

«የቱ ቤት?»

«የእናቶች ቤት። ጤና ጣቢያ ሄድን፣ የለም አሉ። አንተ ጋር አለች።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ እያሉ አስረዱኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የገበያ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ አንብበዋል። በአንድ ጫፍ «የእናቶች ማቆያ ቤት» ይላል። በላይ በኩል «ሥራ ላይ የዋለ» ይላል። ከታች መቶ ተጽፏል። ቤቱ ተሠርቶ፣ አልቆ፣ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። የልጃቸው ሚስት ቀኗ ስለቀረበ ብርድ ልብሷን ይዘው አመጧት።

ያን ጊዜ የአስተማሪነት መንፈስ መጣብኝ። በአማርኛዬ እኮራለሁ፤ የዲላ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ከአዲስ አበባ አካባቢ የመጣ ነጋዴ ነው፣ ትምህርት ቤት ድርሰቴ ክፍል ውስጥ ይነበብ ነበር። ወንበሬን ሳብኩና እንደ ልጅ አስረዳኋቸው።

«አባባ፣ ሥራ ላይ የዋለ ማለት እኮ ቤቱ ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ብሩ ወጪ ሆነ ማለት ነው።»

«ወጪ ሆነ።»

«አዎ።»

«ወጣች።»

«አዎ፣ ወጣ።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እሺ። ወጥታ የት ዋለች?» አሉ።

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ገንዘብ ያዥ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። እኔም ሳቅሁ፤ ደብቄ እንኳ አልነበረም የሳቅሁት። ሽማግሌው አልተቆጡም። ዱላቸውን ይዘው እስክንጨርስ ጠበቁንና ውጪ ወደ ተቀመጠችው ሴት እየጠቆሙ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ።

«ይሄ ልጅ ባለፈው ዓመት በቃሬዛ አወረድነው። ሌሊት ዝናብ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ወለደ። ሕፃኑ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ዝም አለች። ዘንድሮ እንደዚያ አይሆንም አልኩ። ቤት አለ ብላችሁ ስትጽፉ፣ ቀድሜ ላምጣ አልኩ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እኔም «እናጣራለን» አልኩ። የቢሮ ሰው መልስ ሲያጣ የሚናገራት ቃል ናት። እሳቸው ግን ቃሉን እንደ ቃል ተቀበሉት፤ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። ብርድ ልብሱን ተሸክመው እሳቸው ከፊት፣ እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከኋላ፣ ያንኑ ዳገት መልሰው ያዙት። አንጀቴን በላችው። ግን ተነስቼ አልጠራኋቸውም። ጠርቼ ምን እላቸዋለሁ?

«ወጥታ የት ዋለች» የቢሮው ቀልድ ሆነ። የነዳጅ ብር ሲነሳ «ወጥታ የት ዋለች»፣ የሻይ ብር ሲዋጣ «ወጥታ የት ዋለች»። በመጀመሪያው ቀን እኔም ብያለሁ። ይህን ማስቀረት እችል ነበር፤ ሌላውን ሰው ሥራህን በግልጽ አሳይ እያልኩ የራሴን ብደብቅ ግን ያሳፍረኛል።

ነገሩ ወደ እኔ የዞረው በዚያው ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ ዲላ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል፤ ዜና አንባቢው አዲስ የትራፊክ መመሪያ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሥራ ላይ መዋሉን ተናገረ። ረዳቱ ወዲያው፣ «በቃ፣ ጉድ ፈላ» አለና ትርፍ የጫናቸውን ሁለት ሰዎች ከመቆጣጠሪያው በፊት ሊያወርዳቸው ተነሳ። ተጨቃጨቁ። እኔ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበርኩ። ረዳቱ «ሥራ ላይ ዋለ» ሲባል የገባው ሽማግሌው የገባቸው ነው። ነገሩ አለ፣ ጀምሯል፣ ከዛሬ ጀምሮ ያገኘናል። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ የመመሪያው ብር ወጪ ሆነ ማለት ነው ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ሕግ ሥራ ላይ ዋለ እንላለን፣ ማሽን ሥራ ላይ ዋለ እንላለን፣ ቃሉ በአገሩ ሁሉ አንድ ትርጉም አለው። ሌላ ትርጉም ያበጀንለት ፋይናንስ ቤት የተቀመጥን እኛ ብቻ ነን። አማርኛ ያበላሸው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝና ኩም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት የማቆያ ቤቱን ፋይል አወጣሁ። ሰነዱ የተሟላ ነው። የግዥ ጥያቄው፣ የዋጋ ማወዳደሪያው፣ ደረሰኙ፣ ዕቃው ግምጃ ቤት መግባቱን የሚያሳየው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ሁሉም በየቦታው አለ፤ ግማሹ በእኔው ጽሕፈት ነው። የሌለው ዕቃው ከግምጃ ቤት መውጣቱን የሚያሳየው ሞዴል ሃያ ሁለት ነው። ገብቷል፣ አልወጣም። ፋይሉን ይዤ ወደ ግምጃ ቤት ወረድኩ።

ግምጃ ቤት ያዡ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው፤ ቁልፋቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያስራሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው፣ «እስካሁን የት ነበርሽ?» እንኳ አላሉኝም። በሩን ከፍተው ወደ ጥጉ መሩኝ። የሲሚንቶው ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዱን በእግራቸው ጫፍ መታ አደረጉት፤ ድንጋይ እንደተመታ ጮኸ።

«ክረምቱ በዚህ ጣራ በኩል ነው ያለፈው» አሉኝ። «ሐምሌ ላይ አመለከትኩ፣ ግንበኛ ይምጣና ይውሰደው ብዬ። የግንበኛ በጀት ገና ነው ተባልኩ።»

«ሁሉም ደርቋል፣ ጋሼ?»

«ጥቂት ከመሐል ይተርፍ ይሆናል። ቆርቆሮው ደህና ነው። እንጨቱን ለስብሰባ ድንኳን ወስደውት ነበር፣ አብዛኛው ተመልሷል።» ቁልፋቸውን መልሰው አንገታቸው ውስጥ አስገቡ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የእናንተ ነገር፣ ልጄ።»

አለቃዬ መጥፎ ሰው ቢሆን ይህን መጻፍ እንዴት በቀለለኝ። መጥፎ ሰው አልነበረም። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና በሩን ዘጋው።

«ይገዛ ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ» አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«ባንገዛ ብሩ ይመለስ ነበር። ያኔ ቆርቆሮውም የለም።»

«ልክ ነህ። ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ይታረም። ሰው ቤት አለ ብሎ ነፍሰ ጡር ይዞ እየመጣ ነው።»

«ምን ተብሎ ይታረማል? ሪፖርቱ ዞን ገብቷል። የተጻፈው ደግሞ ውሸት አይደለም። ብሩ ወጥቷል፣ ዕቃው ገብቷል፣ አንድ ብር አልጎደለም።»

እውነቱን ነው። ብዙ ቀን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ሌባ ቢኖር ሌባ ይያዛል፤ ኦዲተር ቢመጣ ግን ሰነዳችንን አይቶ ያመሰግነን ነበር። አንድም የሐሰት ቁጥር አልጻፍኩም። ያም ሆኖ አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ ሦስት ሰዓት ወርዳ ሦስት ሰዓት ወጥታለች፤ ከደጋው ጠርቶ ያመጣት የእኔ ትክክለኛ ቁጥር ነው።

በመጨረሻ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው። ቅጹን አልነካሁትም። አንድ ረጅም ነጭ ወረቀት ቆርጬ፣ በማስመሪያ ረድፍ አውጥቼ፣ ከቅጹ በስተቀኝ እንደ አምስተኛ ዓምድ ለጠፍኩት። ከላይ «አሁን ያለበት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ነው ችግሩ የመጣው። አራቱን ዓምድ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው የምሞላው፤ አምስተኛውን ለመሙላት ግን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። አራት ቀን ዞርኩ። በእንሰትና በቡና መሐል በሚወርድ የእግር መንገድ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። አንድ ትምህርት ቤት የተገዙት ወንበሮች ደርሰው ልጆች ተቀምጠውባቸው አገኘሁ፤ ደስ ብሎኝ «ደርሷል፣ እየተማሩበት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ምንጭ ከሦስቱ ቧንቧ በሁለቱ ይፈሳል፤ እንዳለ ጻፍኩት። በማቆያ ቤቱ ረድፍ ላይ፣ «ግምጃ ቤት። ሲሚንቶው ደርቋል። ቆርቆሮው ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ስለሌለበት የማሳምረው ነገር አልነበረም።

አለቃዬ ጠዋት ሲገባ ቆሞ አነበበው። ይቀደዳል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጎብኚ የሚመጣ ቀን ታነሺዋለሽ» ብሎኝ ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ የተረተብኝ ባልደረባም ነበር። ልክ ነው፣ ዘግይቼ ነው የጮኽኩት። በዚያ ሳምንት የገበያ ቀን ግን ሰሌዳው ፊት ሰው ተሰበሰበ። ዝናብ አልነበረም። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በጌዴኦኛ ይተረጉመዋል፣ «ሲሚንቶው ደርቋል» ጋ ሲደርሱ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ።

በጥቅምት መጨረሻ የበጀት የሕዝብ መድረክ ነበረን። ሌላ ጊዜ ሰው በዚያ መድረክ ላይ ስለ መንገድና ስለ መብራት ያነሳል፣ እኛም «በቀጣይ ታቅዷል» እንላለን፣ ምሳ ይበላል። በዚያ ቀን ግን ሽማግሌው ከደጋው ቀበሌ ከመጡ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ተራቸው ሲደርስ ብዙ አልተናገሩም። «ቆርቆሮ ካለ ሲሚንቶ ይቅር» አሉ። «እኛ ቤት በሲሚንቶ አንሠራም። እንጨት እናመጣለን፣ ጭቃ እናቦካለን፣ አናጺ አለን። ቆርቆሮዋን አውጡ።» ከሌላ ቀበሌ የመጡትም ተቀበሉ፤ አንዱ ሚስማር፣ አንዱ ጉልበት። አለቃዬ ተነስቶ ተስማማ። ተስማማ ስል ደግሞ ከአንገት በላይ አልነበረም። በማግስቱ ሞዴል ሃያ ሁለቱን ራሱ ፈረመ፣ ግምጃ ቤት ያዡም ቆርቆሮውን እየቆጠሩ አስረከቡ። ሰዎቹ በሳምንቱ መሠረት ማውጣት ጀመሩ።

ሰው ሲበተን ሽማግሌውን በር ላይ ጠብቄ እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። እሳቸው ጣታቸውን እያጠፉ ቀን ይቆጥሩ ነበር።

«ለዚህ ልጅ አትደርስም» አሉኝ። «ግድግዳው በዚህ ደመና ወር አይደርቅም። የእሱ ቀን ከዚያ በፊት ነው። ለሌላ ሰው ትሆናለች።»

ያን ጊዜ ከልቤ የመጣውን ተናገርኩ። ዲላ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት አለኝ፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ልጅቷ እኔ ጋ ትሰንብት፣ እኔም ብቸኛ ነኝ አልኳቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሙኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«የአንተን ቤት አልጠየቅኩም፣ ልጄ» አሉኝ። «የጻፍከውን ቤት ነው የጠየቅኩት።»

ብዙዎች ኩራት ነው ይላሉ ይህን ስነግራቸው። እኔም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በጎ አድራጎቴ ተመለሰብኝና አኮረፍኩ ማለት ይቻላል። ቆይቼ ሳስበው ግን እሳቸው የነገሩኝ ሥራዬ ምን እንደሆነ ነው። እኔ ደግ ብሆን ባልሆን ሌላዋ ነፍሰ ጡር ምን ታገኛለች? ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ ወረዳው ውስጥ ያለው ዳገት ብዙ ነው። ከእኔ የሚፈለገው፣ የጻፍኩት ነገር ሰው ተነስቶ ሲሄድ በተባለበት ቦታ መገኘቱ ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የልጃቸው ሚስት ጤና ጣቢያው ውስጥ በሰላም መገላገሏን ሰማሁ። ቡላና ቅቤ ገዝቼ ሄድኩ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር የሰነበቱት፤ ከዚያ ሆና በእግሯ ነው ገብታ የወለደችው። ከበሩ እንደገባሁ ባደግሁበት ቤት የለመደው አፌ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ። እነሱ ወንጌላውያን ናቸው። ደንግጬ ላርም ስል ልጅቷ ፈገግ ብላ «አሜን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ አማርኛዋ ጥርት ያለ ልጅ ናት። ያን ቀን ቢሮ ስንስቅ ከበሩ ውጪ ሆና እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች ማለት ነው።

ሕፃኗን አቀፍኩ። ሴት ናት። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ለቤቱ ባለቤት «ሰሌዳ የሚጽፍ እሱ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ቡላውን ስታገላብጥ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ለኪራዩና ለቀለቡ ብለው አባባ ቡናውን ዛፍ ላይ እያለ ሸጠውታል። የእነሱ የደጋ ቡና ዘግይቶ ነው የሚቀላው፤ ነጋዴው አረንጓዴ ሆኖ ሲገዛው በራሱ ዋጋ ነው። ከቤታቸው በታች ያለው ማሳ የዘንድሮ ቡና በሙሉ ሄዷል። ለቀማው ሲደርስ የሚለቅሙት ለነጋዴው ነው።

ሕፃኗን መልሼ ሰጠኋትና ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

«አባባ፣ በስንት ሸጡት?»

«ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። «ልትጽፍ ነው?»

«እጽፋለሁ።»

በርጩማቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። ከዚያ ዋጋውንም፣ ኪራዩንም፣ የተረፈውንም አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ቢሮ ከገባሁ በኋላ ግን የማሰፍርበት አጣሁ። ሰሌዳው የመንግሥት ብር ነው የሚጻፍበት። ይሄ የመንግሥት አይደለም፤ አልተመደበም፣ አልተለቀቀም፣ በአምስተኛው ዓምዴም ላይ ረድፍ የለውም። ማቆያ ቤቱ ታኅሣሥ ላይ አልቆ ሌሎች እናቶች ገቡበት፣ እሱን በደስታ ጻፍኩ። የሽማግሌው ሒሳብ ግን ደብተሬ ውስጥ ቀረ። ቃል ገብቻለሁና እዚህ እጽፈዋለሁ።

የእናቶች ማቆያ፣ አንድ ክፍል፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ። የከፈለው፣ አንድ የደጋ ገበሬ። የተከፈለው፣ ከቤቱ በታች ያለው ማሳ የአንድ ዓመት ቡና፣ ሳይቀላ። ልጅቷ ደህና ናት።